ተክል በል ጥንዚዛ፦ የአንድ ትልቅ ቤተሰብ ስም

ክረምቱ ሲገባ በአዲስ አበባ በአያት፣ በሲኤምሲና በቦሌ አራብሳ ሰፈሮች ማታ ማታ በበረንዳ መብራት ዙሪያ እየበረሩ ግድግዳ የሚመቱ፣ ወድቀውም በጀርባቸው የሚንፈራገጡ ቡናማ ጥንዚዛዎች ብርቅ አይደሉም። በዚያው ሰፈር ጓሮውን ለጎመን የሚቆፍር ሰው ደግሞ ከአፈሩ ውስጥ ተቆልምሞ የተኛ፣ ራሱ ቡናማ፣ ገላው ነጭና ወፍራም የሆነ ትል ያገኛል። ሁለቱ ብዙ ጊዜ የአንድ ቤተሰብ አባላት ናቸው፤ አንዱ ያደገው፣ ሌላው ገና ያላደገው እጭ።

የሥነ ነፍሳት ባለሙያዎች ይህን ቤተሰብ ስካራብ ይሉታል። በዓለም ላይ 30,000 ያህል ዝርያዎች አሉት። ከእነዚህ መካከል ቅጠል፣ አበባ፣ ፍሬ ወይም ሥር የሚመገቡትን ለይተው «ፊቶፋገስ ስካራብ» ብለው ይጠሯቸዋል። ቃሉ የመጣው ከግሪክ ሲሆን ተክል የሚበላ ማለት ነው። ሥጋ በል፣ ሣር በል እንደምንለው ሁሉ «ተክል በል ጥንዚዛ» ብንለው ለአማርኛ አንባቢ ግልጽ ይሆናል።

ስሙ የሚያስፈልገው ከዚሁ ቤተሰብ ብዙዎቹ የገበሬ ወዳጅ ስለሆኑ ነው። እበት እያንከባለለ የሚቀብረው ጥንዚዛ ስካራብ ነው፤ አፈር ያለመልማል፣ ዝንብ የሚራባበትንም እበት ያጠፋል። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ የከብቶቿን እበት እንዲያነሱላት ከአፍሪካ ሳይቀር እንዲህ ያሉ ጥንዚዛዎችን አስመጥታለች። ወዳጁንና ጠላቱን በአንድ ስም መጥራት ሁለቱንም በአንድ መርዝ ወደ መርጨት ይወስዳል።

ስካራብን ከሌላ ጥንዚዛ ለመለየት የሚረዳው ዋና ምልክት አንቴናው ነው። ጫፉ ላይ ስስ ንጣፎች ተደራርበዋል፤ ጥንዚዛው ሽታ ሲፈልግ እንደ መጽሐፍ ገጽ ይገልጣቸዋል፣ ሲያርፍ ይከድናቸዋል።

ተክል በሎቹም ጉዳታቸው አንድ ዓይነት አይደለም። የአንዳንዱ እጭ መሬት ውስጥ ሆኖ ሥር ይቆረጥማል፤ ተክሉ ውሃ እየጠጣም ይጠወልጋል፣ ሲነቀልም ያለ ሥር በቀላሉ ይወጣል። የሌላው እጭ ምንም ሳይጎዳ የበሰበሰ ቅጠልና እበት ሲመገብ ቆይቶ፣ አድጎ ክንፍ ሲያወጣ ሰብል ላይ ይወርዳል።

ለዚህኛው ዓይነት ኢትዮጵያ የራሷ ምስክር አላት፤ የማሽላ ጥንዚዛ። ሳይንሳዊ ስሙ ፓክኖዳ ኢንተራፕታ ሲሆን ገላው ቢጫና ጥቁር ቡራቡሬ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ በአፋርና በአማራ ክልል ምሥራቃዊ ቆላ፣ በተለይም በሰሜን ሸዋ፣ ብርቱ የማሽላ ጠላት ሆኗል። በዓመት አንድ ትውልድ ብቻ ነው የሚያፈራው። ዝናብ ሲመጣ ከመሬት ወጥቶ ይራባል፤ አዲሱ ትውልድ ደግሞ ክረምቱ ሲያበቃ ይወጣል። ያ ጊዜ ማሽላው ወተት የሚቋጥርበት ነው። ጥንዚዛዎቹ በአንድ ዘለላ ላይ ተደራርበው ይሰፍሩና ለስላሳውን ፍሬ ይመጥጡታል፤ የዓመት ልፋት በቀናት ውስጥ ገለባ ይሆናል።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድን ግብርና ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን ጥንዚዛ በመዓዛ ስቦ ለማጥመድ ሞክረዋል። በአንቴናው የትኛውን ሽታ እንደሚለይ መረመሩና የአበባና የፍራፍሬ መዓዛ ያላቸውን ውሕዶች በመስክ ወጥመድ ፈተሹ። ጥንዚዛው ወደ እሸቱ ከመድረሱ በፊት በወጥመድ ከተያዘ፣ ሰብሉ መርዝ ሳይነካው ሊተርፍ ይችላል።

አዲስ አበባ ማሽላ አብቃይ ባትሆንም ነገሩ እሷንም ይመለከታል። ተክል በል ጥንዚዛ በእጭነቱ ከአፈር ጋር፣ ባደገ ጊዜ ደግሞ በአውሮፕላን ይጓዛል። የጃፓን ጥንዚዛ በአሜሪካ መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1916 በኒው ጀርሲ አንድ የችግኝ ጣቢያ ነው፤ ዛሬ ከ300 በላይ የተክል ዝርያዎችን ይመገባል። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ በሰሜን ጣሊያን ታየ። በአሜሪካ ይህ ጥንዚዛ ወዳልደረሰባቸው ግዛቶች እንዳይሻገር በአውሮፕላን ማረፊያዎች ቁጥጥር ይደረግበታል። የቦሌ አየር ማረፊያም ለአፍሪካና ለዓለም ትልቅ መተላለፊያ ስለሆነ፣ ከውጭ የመጣን ችግኝ ከነአፈሩ በሻንጣ ደብቆ ማስገባት ከአንድ ጓሮ አልፎ አገር የሚነካ ጥፋት ነው።

የከተማ ጓሮ ያለው ሰው ነጭ ትል ባገኘ ቁጥር መርዝ ሊገዛ አይገባም። ትሉ ከፍግ ክምር ከሆነ የተገኘው፣ ብስባሽ የሚበላ መሆኑ አይቀርም፤ ይተወው። ከጠወለገ ተክል ሥር ከተገኘ ግን አፈሩን ገልብጦ ትሎቹን መልቀም፣ ለዶሮ መስጠት ይቻላል። ያላየውን ዓይነት ያገኘ ደግሞ በጠርሙስ ይዞ ለወረዳው የግብርና ባለሙያ ያሳይ።