«ኤል ማል» በማራካይቦ ሐይቅ ዳር

የሀንቲንግተን በሽታ ከእናት ወይም ከአባት የሚወረስ፣ ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 50 ባለው ዕድሜ ብቅ ብሎ እጅና እግርን ያለ ባለቤቱ ፈቃድ የሚያወራጭ፣ ቀስ በቀስም አሳብንና ጠባይን የሚያናጋ የነርቭ ሕመም ነው። የአውሮፓ ተወላጅ በሆኑ ሕዝቦች ዘንድ ከ100,000 ሰው ከ5 እስከ 10 ያህሉን ሲይዝ በጃፓን አንድ እንኳ አይሞላም፤ በምዕራብ ቬኔዝዌላ፣ በማራካይቦ ሐይቅ ዳር ባሉት የዓሣ አጥማጆች መንደሮች ግን በዚሁ ስሌት ወደ 700 እንደሚደርስ ተገምቷል።

የአገሬው ሰው ሕመሙን በአጭሩ «ኤል ማል»፣ ማለትም «ክፉው» ይለዋል። አሜሪካዊው ሐኪም ጆርጅ ሀንቲንግተን እ.ኤ.አ. በ1872 ስለ በሽታው ሲጽፉ፣ አባታቸውና አያታቸው በሎንግ አይላንድ ያከሟቸውን ቤተሰቦች ጭምር ያውቁ ስለነበር፣ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚሄድበትን መንገድ አጥርተው ለማየት ችለዋል። ማራካይቦ ግን አስተዋይ ሐኪም ያገኘችው በ1950ዎቹ ነው። ቬኔዝዌላዊው አሜሪኮ ኔግሬቴ በሳን ሉዊስ ሰፈር እየተንገዳገዱ የሚሄዱትን ሰዎች መጀመሪያ ሰካራም መስለዋቸው ነበር፤ ሕመምተኞች መሆናቸውን የነገሯቸው ጎረቤቶቻቸው ናቸው፤ ሰፈሩ ከሐኪሙ ቀድሞ ያውቅ ነበርና።

ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በአሜሪካዊቷ ተመራማሪ በናንሲ ዌክስለር የሚመራ ቡድን የበሽታውን ዘረመል ለማግኘት ወደ ሐይቁ እየተመላለሰ፣ በውኃ ላይ በእንጨት ምሰሶ በቆሙት ቤቶች ሳይቀር ደም ሰበሰበ። እናታቸው በዚሁ ሕመም የሞቱባቸው ዌክስለር ራሳቸው ለምርመራ ከክንዳቸው ቆዳ ተቆርጦላቸው ነበር፤ ጠባሳው ለመንደሩ ሰው መታየቱ፣ ያመነታ የነበረውን ሁሉ ከየትኛውም ማብራሪያ ይልቅ አግባብቶታል። በዚህ ልፋት ከ18,000 በላይ ሰዎችን የያዘ የዘር ሐረግ ተዘረጋ፤ ሐረጉም ወደ ላይ ሲቆጠር በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ወደ ኖረች ማሪያ ኮንሴፕሲዮን ወደምትባል ሴት ያደርሳል። እ.ኤ.አ. በ1983 የበሽታው ዘረመል የት አካባቢ እንዳለ የሚጠቁም ምልክት በ4ኛው ክሮሞሶም፣ ማለትም ዘረመሎችን በተሸከመው የሴል ክር ላይ ታየ፤ ዘረመሉ ራሱ በ1993 ተገኘ። በዘረመሉ ውስጥ «ሲኤጂ» የተባለው ባለ ሦስት ፊደል ቅንጣት 40 ጊዜና ከዚያ በላይ የተደጋገመበት ሰው ዕድሜ ከሰጠው መታመሙ አይቀርም፤ ከልጆቹም እያንዳንዱ የመውረስ ዕድሉ እኩሌታ ነው።

ይህን ድግግሞሽ የሚያሳየው የደም ምርመራ ከመጣ በኋላ የታወቁት ሕመምተኞች ቁጥር በሌላ አገር ተለወጠ። በብሪታንያ ከ21 ዓመት በላይ በሆኑ አዋቂዎች እ.ኤ.አ. በ1990 ከ100,000 ሰው 5.4 የነበረው በ2010 ወደ 12.3 ወጣ፤ ለዚህም ከበሽታው መስፋፋት ይልቅ ምርመራው መሻሻሉና ሕመሙን የመደበቅ ልማድ መላላቱ የቀረበ ምክንያት ይመስላል። የመደበቁ ልማድ ግን ከተመራማሪዎቹም የራቀ አልነበረም፤ የሺዎችን ሐረግ የመዘገቡት ዌክስለር ራሳቸው በሽታው እንዳለባቸው በይፋ የተናገሩት በ2020 ነው።