የማንችስተር የመድረክ ቅጂ (ቦብ ዲላን)

አሜሪካዊው የሕዝብ ዘፈን ደራሲና ድምፃዊ ቦብ ዲላን ግንቦት 9 ቀን 1958 ዓ.ም. (1966 እ.ኤ.አ.) በእንግሊዝ፣ ማንችስተር፣ ፍሪ ትሬድ አዳራሽ ያቀረበው ዝግጅት ቅጂ ነው። የመጀመሪያውን ክፍል ብቻውን በጊታርና በሃርሞኒካ፣ ሁለተኛውን ከባንድ ጋር በኤሌክትሪክ ጊታር ተጫውቷል። ነባሩን የሕዝብ ዘፈን ከሚወዱት ከፊሎቹ ለውጡን እንደ ክህደት ቆጠሩት፤ አንዱ አድማጭ «ይሁዳ!» ሲል ይሰማል። ሌሎች ግን አዲስ መንገድ የከፈተ ድፍረት ነው ብለው ያደንቁታል። ቅጂው «ሮያል አልበርት ሆል» በሚል የተሳሳተ ስም ለዓመታት በድብቅ ሲሸጥ ቆይቶ በ1991 ዓ.ም. በይፋ ታትሟል። የባቲንና የአምባሰልን ቅኝት በማሲንቆም በኪቦርድም የሰማ የወሎ ጆሮ ይህን የነባርና የአዲስ ድምፅ ክርክር አይስተውም። የቅጂው ታላቅነት ዜማውንና ተቃውሞውን አብሮ ጠብቆ ማቆየቱ ነው።