«ኮሚዳ» ስንት ሰዓት ላይ ነው?

ስፓኒሽ እየተማራችሁ ነው እንበል። አንድ የቦጎታ ሰው «ነገ ኮሚዳ እኛ ቤት ነው» ብሎ ጋበዛችሁ። መዝገበ ቃላቱ «ኮሚዳ» ምግብ ነው ይላችኋል። ታዲያ ስንት ሰዓት ትሄዳላችሁ? ጋባዡ የማድሪድ ወይም የሜክሲኮ ሲቲ ሰው ቢሆን ምሳ ማለቱ ነበር። በኮሎምቢያ ግን ብዙ ጊዜ እራት ማለት ነው። በምሳ ሰዓት ብትደርሱ ድስቱ ገና አልተጣደም!

ኮሎምቢያዎች ምሳን «አልሙዌርሶ» ይሉታል። ይሄንኑ ቃል ይዛችሁ ስፔን ውስጥ ወዳለችው ቫሌንሲያ ብትሻገሩ ደግሞ ረፋድ ላይ፣ በቁርስና በምሳ መሃል የሚበላ ሳንዱች ይቀርብላችኋል።

ማን ተሳሳተ? ማንም። የቃሉን ታሪክ እንየው። «አልሙዌርሶ» የመጣው ንክሻ የሚል ትርጉም ካለው «ሞርሱስ» ከሚባል የላቲን ቃል ነው። ፊቱ ላይ ያለው «አል» አረብኛ በስፔን ምድር ለዘመናት ሲነገር የተወው አሻራ ነው። እኛም «ቁርስ» ያልነው ከ«ቆረሰ» ወስደን ነው። አንዱ መንከስ፣ ሌላው መቁረስ፤ ሁለቱም ቃላት ውስጥ ሰዓት የሚባል ነገር የለም።

በ1726 እ.ኤ.አ. መታተም በጀመረው የስፔን ንጉሣዊ አካዳሚ መዝገበ ቃላት ውስጥ «አልሙዌርሶ» የጠዋት ምግብ ነው። ቫሌንሲያ ለዚህ ለድሮው ትርጉም ቀርባ ቀረች፤ ቦጎታ ውስጥ ግን ቃሉ ወደ እኩለ ቀን ተገፋ።

እራት ማለት የሆነው «ሴና»ም እንዲሁ ተጉዟል። ጥንት ሮማውያን «ኬና» የሚሉት የቀኑን ዋና ምግብ ነበር። መጀመሪያ በእኩለ ቀን ይበሉት ነበር፤ በኋላ ሰዓቱ ወደ አመሻሽ ሲሸሽ ስሙም አብሮ ሸሸ።

ነገሩ የሚሠራው እንዲህ ነው፦ የምግብ ስም የሚጣበቀው ሰዓቱ ላይ ሳይሆን ማዕዱ በቀኑ ውስጥ ባለው ተራና ክብደት ላይ ነው። ትልቁ ማዕድ ቦታ ሲቀይር የሌሎቹም ስሞች ይንሸራተታሉ። ይሄ ደግሞ በየአገሩ በተለያየ መንገድ ይሆናል።

ቁጥር እንኳ ከዚህ አያመልጥም። ቺሊዎች አመሻሽ ላይ በሻይና በዳቦ የሚቀምሱትን «ኦንሴ» ይሉታል፤ ቃሉ አስራ አንድ ማለት ነው። በእኛ አቆጣጠር 11 ሰዓት አመሻሽ ስለሆነ ልክ ይመስላል፤ ግን አጋጣሚ ነው። በእነሱ ሰዓት 11 ማለት ለእኛ ረፋድ 5 ሰዓት ወይም ማታ 5 ሰዓት ነው!

ስለዚህ ስትጋበዙ «ምን?» ብቻ ብላችሁ አትለፉ። «አ ኬ ኦራ?» በሉ፤ «በስንት ሰዓት?» ማለት ነው።