ከስቱዲዮው ግድግዳ ወደ ቤት ጠረጴዛ

የጃፓኑ ያማሃ ኤንኤስ-10ኤም የተባለውን ስፒከር በ1978 ለገበያ ሲያቀርብ ያሰበው ሳሎኑ ውስጥ ሸክላ እያጫወተ ለሚዝናና ሰው ነበር (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አኪራ ናካሙራ የነደፈው ይህ ጥቁር ሳጥን ቁመቱ 38 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 6 ኪሎ ግድም ሲሆን ፊቱ ላይ 18 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ነጭ የወረቀት ዎፈር (ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ክፍል) ተገጥሞለታል። ገበያው አልወደደውም። ባሱ ቀጭን፣ መካከለኛው ድምፁ ጯሂ፣ ቀጭኑ ድምፁ ጆሮ የሚበሳ ነው ተባለ። ሳሎን ያልተቀበለው ይህ ስፒከር ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከሎስ አንጀለስ እስከ ለንደን በታላላቅ ስቱዲዮዎች የሚክሲንግ ጠረጴዛ ላይ ቦታውን ያዘ። ዛሬ አንድ ወጣት አቀናባሪ መኝታ ቤቱ ውስጥ የሚያስቀምጣቸው ዋጋቸው የሚቀመስ ሞኒተሮች (ለሙዚቃ ሥራ የሚውሉ ስፒከሮች) የዘር ሐረጋቸው በዚህ ነጭ ዎፈር በኩል ያልፋል።

ከዚያ በፊት የነበረው ዘመን የግዙፎች ዘመን ነበር። በአሜሪካ ስቱዲዮዎች ከ1940ዎቹ ጀምሮ ለ30 ዓመታት ያህል የነገሠው አልቴክ ላንሲንግ 604 ነው፤ 15 ኢንች ስፋት ባለው ዎፈሩ መሃል ላይ ለቀጭኑ ድምፅ የሚሆን ቀንደ መለከት የተገጠመለት። እንግሊዞችም በተመሳሳይ መንገድ የተሠራውን የታኖይን ስፒከር ይዘው ነበር። እነዚህ ስፒከሮች ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡ አይደሉም፤ ወይ በትልቅ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆመው ነው፣ ወይ ግድግዳው ተፈልፍሎላቸው ነው የሚሠሩት። ክፍሉም ለእነሱ ተብሎ በልዩ ባለሙያ መገንባት አለበት። ስለዚህ ድምፅን በትክክል መስማት የሚችለው ያንን ሁሉ ወጪ የሸፈነ ኩባንያ ብቻ ነበር።

ሕዝቡ ግን ሙዚቃውን የሚሰማው በዚያ ክፍል ውስጥ አይደለም። በ1960ዎቹ የአሜሪካ ወጣት ዘፈን የሚሰማው በመኪናው ሬዲዮ፣ በአንዲት ትንሽ ስፒከር ነበር። የዲትሮይቱ የሙዚቃ ኩባንያ ሞታውን ይህን ቀድሞ ከተረዱት አንዱ ነው፤ ዘፈኖቹ ወደ ገበያ ከመውጣታቸው በፊት የመኪና ሬዲዮ በሚመስል አነስተኛ ስፒከር ይፈተሹ ነበር። በትልቁ ስፒከር ላይ የሚያምረው ባስ በትንሿ ውስጥ ጨርሶ ከጠፋ፣ ዘፋኟም በመሣሪያው ውስጥ ከተዋጠች፣ ሚክሱ ገና አላለቀም ማለት ነው።

ይህን ሐሳብ ወደ ዕቃነት የለወጠው ኦራቶን ነው። ጃክ ዊልሰን በ1958 የመሠረተው ይህ የካሊፎርኒያ ድርጅት 5ሲ የምትባለውን ኩብ ስፒከር በ1970ዎቹ አስፋፋ። ቀጭኑን ድምፅ ለብቻው የሚያወጣ ትዊተር የላትም፤ ድምፁን በሙሉ የምታወጣው በአንዲት አምስት ኢንች የማትሞላ ስፒከር ነው። የወፍራሙም ሆነ የቀጭኑ ድምፅ ጫፍ አይሰማባትም፤ የሰው ድምፅ፣ ጊታር፣ ፒያኖና የከበሮው ምት የሚገናኙበት መካከለኛው ድምፅ ግን እርቃኑን ይወጣል። የድምፅ ባለሙያው ብሩስ ስዊዲን በ1982 የወጣውን የማይክል ጃክሰን «ትሪለር» የተሰኘ አልበም ሚክስ ሲያደርግ በኦራቶን በእጅጉ ይጠቀም ነበር። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት ይገባል። በዓለም እጅግ ብዙ የተሸጠው አልበም ሚዛኑን ያገኘው በከፊል በስቱዲዮው ውስጥ በነበረው እጅግ ርካሽ ስፒከር ነው። ለቤት ስቱዲዮ ዕቃ የሚገዛ ሰው ከዚህ ታሪክ የበለጠ የሚያጽናና ነገር አያገኝም።

በአትላንቲክ ማዶ ደግሞ ቢቢሲ በራሱ መንገድ ወደ ትንሿ ሳጥን መጣ። ከስቱዲዮ ውጭ ለሚደረግ ስርጭት የሚወጡት መኪኖቹ ጠባብ ናቸው፤ ባለሙያውም ከስፒከሩ አንድ ክንድ ርቆ ነው የሚቀመጠው። የጣቢያው መሐንዲሶች በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለዚህ ሥራ ኤልኤስ3/5ኤን ነደፉ፤ ቁመቷ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነች፣ ኬፍ የተባለውን ኩባንያ ዎፈርና ትዊተር የያዘች። ቢቢሲ ንድፉን ሮጀርስን ለመሰሉ አምራቾች በፈቃድ ሰጠ፤ መለኪያውም ጥብቅ ስለነበር ከተለያየ ፋብሪካ የወጡት አንድ ዓይነት እንዲሰሙ ግድ ነበር። ዋናው ዓላማዋ የተናጋሪው ድምፅ ልክ እንደራሱ ሆኖ እንዲሰማ ነው። ርካሽ ግን አልነበረችም።

ወደ ያማሃው ሳጥን እንመለስ። በ1970ዎቹ መጨረሻ የድምፅ ባለሙያዎች የአንድ ስቱዲዮ ተቀጣሪ መሆናቸው እየቀረ፣ ከስቱዲዮ ስቱዲዮ እየዞሩ መሥራት ጀመሩ። በየሄዱበት ግድግዳው ላይ ያለው ትልቅ ስፒከር የተለየ ነው፤ ክፍሉም የተለየ ነው። በብብት ይዘው የሚዞሩት፣ ጠባዩን አስቀድመው የሚያውቁት ስፒከር አስፈለጋቸው። ኤንኤስ-10ኤም ለዚህ ተመቸ፤ ትንሽ ነው፣ ዋጋው አይከብድም፣ በየሱቁም ይገኛል። ስሙ ይበልጥ የገነነው ደግሞ ብሩስ ስፕሪንግስቲንን ከመሳሰሉ ከዋክብት ጋር የሠራው የድምፅ ባለሙያ ቦብ ክሊርማውንቴን ስለመረጠው ነው። ከትዊተሩ የሚወጣው ሹል ድምፅ ሲያስቸግር ባለሙያዎቹ የሶፍት ቁራጭ ከፊቱ ይለጥፉ ነበር፤ የትኛው ዓይነት ሶፍት ይሻላል የሚለው ክርክር ራሱ በመለኪያ ተጠንቷል። ያማሃ ነገሩን ሲሰማ በ1987 ኤንኤስ-10ኤም ስቱዲዮ የሚለውን አወጣ፤ ትዊተሩ ለዘብ ያለ፣ ሳጥኑም በጎኑ ተጋድሞ እንዲቀመጥ የታሰበ።

ግን ለምን? መጥፎ ድምፅ አለው የተባለ ስፒከር ለምን የጥሩ ሙዚቃ መሥሪያ ሆነ? መልሱ ዘግይቶ መጣ። የድምፅ ባለሙያው ፊሊፕ ኒዌልና በእንግሊዝ የሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲው ኪት ሆላንድ በ2001 ባቀረቡት ጥናት ኤንኤስ-10ኤምን ከሌሎች በርካታ የቅርብ ሞኒተሮች ጋር አነጻጽረው ለኩት። ወደ 2 ኪሎኸርዝ አካባቢ ድምፁ በእርግጥ ያብጣል፤ የሰው ጆሮ በጣም ንቁ የሆነው፣ የዘፋኝ ቃል የሚለየውም በዚሁ አካባቢ ነው። ትልቁ ምስጢር ግን ሌላ ቦታ ነበር። ከበሮው ሲመታ ስፒከሩም ወዲያው ይመታል፤ ምቱ ሲቆም እሱም ወዲያው ይቆማል። ሳጥኑ ከኋላ ወይም ከፊት ባስ የሚያስወጣ ቀዳዳ የለውም፤ ቀዳዳ ያላቸው ስፒከሮች ባሳቸውን የሚያበዙት ድምፁን ትንሽ በማቆየት ነው፤ ይህ የተዘጋ ሳጥን ግን የሚያቆየው ነገር የለም። በዚህ ላይ የዎፈሩ ወረቀት እንደ ሌሎቹ በቅርጽ ማውጫ የተጠፈጠፈ ሳይሆን ዝርግ ወረቀት ተጠቅልሎ ጠርዙ በሙጫ የተያያዘ ነበር። ባስ ጊታሩና የከበሮው ምት አንድ ላይ ማረፍ አለማረፋቸውን በዚህ ስፒከር መለየት ቀላል ነው። የወረቀቱን ጥሬ ዕቃ ማግኘት ሲያቅት ያማሃ ምርቱን በ2001 አቆመ። በ2008 ለዚህ ስፒከር ሲባል ኩባንያው የቴክኒክ ግራሚ ሽልማት አገኘ።

ሌላው ለውጥ ከሰሜን አውሮፓ መጣ። የፊንላንድ ብሔራዊ ሬዲዮ ለአዲሱ ሕንፃው ስፒከር ሲፈልግ ኢልፖ ማርቲካይነንና ቶፒ ፓርታነን አምፕሊፋየሩን በራሱ በስፒከሩ ሳጥን ውስጥ አስገብተው ሠሩለት፤ በ1978 በኢሳልሚ ከተማ የተመሠረተው ጄኔሌክ የተወለደው ከዚህ ነው። አሠራሩ አስተዋይ ነው። ለዎፈሩ የራሱ አምፕ፣ ለትዊተሩም የራሱ አምፕ አለው፤ ድምፁ ወፍራምና ቀጭን ተብሎ የሚከፈለውም ወደ አምፖቹ ከመግባቱ በፊት ነው። ገዢው የትኛው አምፕ ከየትኛው ስፒከር ጋር እንደሚስማማ መገመት ቀረለት። የአሜሪካው ማኪ ኩባንያ በ1996 ኤችአር824ን ሲያወጣ ይህ አሠራር ለግለሰብም ቀረበ፤ ያም ሆኖ ጥንዱ 1,500 ዶላር ግድም ነበር።

ዋጋውን በእርግጥ የሰበረው ሳይንስ ነው። ፍሎይድ ቱል የተባለው ተመራማሪ በ1980ዎቹ በኦታዋ፣ በካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ሰዎችን ከመጋረጃ ፊት አስቀምጦ የተለያዩ ስፒከሮችን አሰማቸው። ስሙንና ዋጋውን ሳያዩ ሲፈርዱ አብዛኞቹ የወደዱት አንድ ዓይነት ነበር፤ ከወፍራም እስከ ቀጭን ምንም ሳያጋንን እኩል የሚያወጣውን፣ ወደ ጎን የሚበትነው ድምፅም ፊት ለፊት ከሚያወጣው ጋር የሚመሳሰለውን። ውድ መሆን ከዚህ ውስጥ የለበትም። ቱል በ1991 የጄቢኤል ባለቤት ወደሆነው ሃርማን ገባ። ጄቢኤል በ2013 ለታላላቅ ስቱዲዮዎች ኤም2 የተባለውን እጅግ ውድ ሞኒተር ሲያወጣ፣ ድምፅን ወደ ጎን በሥርዓት የሚበትነውን የትዊተሩን አፍ ቅርጽ በዚያው ዓመት ኤልኤስአር305 ለተባለው ባለ 5 ኢንች ትንሽ ሞኒተር አወረሰው። ቅርጹ ከፕላስቲክ ስለሚወጣ ብዙ ወጪ የለውም። ሙቀት የማያበዙ ርካሽ አምፖች፣ የኮምፒውተር ቺፕና የቻይና ፋብሪካዎች ሲጨመሩበት የአንዱ ዋጋ 150 ዶላር አካባቢ ደረሰ። ከጄቢኤል የወጡ ባለሙያዎች በ2018 ያቋቋሙት ካሊ ኦዲዮም ባለ 6.5 ኢንቹን ኤልፒ-6 በዚያው ዋጋ አቀረበ።

ኢትዮጵያ ውስጥ ነገሩ የራሱ መልክ አለው። አምሃ እሸቴ በ1969 አምሃ ሪከርድስን ከፍቶ ሸክላ ሲያሳትም ድምፁ የሚሰማው በየቤቱና በየቡና ቤቱ በነበረው ማጫወቻ ነበር። በ1970ዎቹ አጋማሽ ሸክላው ቦታውን ለካሴት መልቀቅ ጀመረ፤ ከዚያ ወዲህ የአንድ አልበም ዕጣ የሚወሰነው በሚኒባስ ታክሲና ሙዚቃ ቤቶች ደጃፋቸው ላይ ባቆሙት ስፒከር ሆነ። ዛሬ ደግሞ ብዙው አድማጭ በስልኩ ነው የሚሰማው። ሞታውን መኪናን ያሰበበት ምክንያት እዚህም ይሠራል፤ በቤቱ የሚያቀናብር ወጣት ሥራውን በስልክና በታክሲ ሳይሰማ ጨረስኩ ሊል አይገባም።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ለሸማች የሚጠቅም ፍርድ አለ። ጸሐፊው እምነቱን በግልጽ ያስቀምጣል፦ በትንሽ ክፍል ውስጥ ከ8 ኢንች ዎፈር ይልቅ ባለ 5 ወይም ባለ 6.5 ኢንቹ ይሻላል። ትልቁ ባስ በጠባብ ግድግዳዎች መካከል ይነጥራል፤ አቀናባሪውም ባሱ በዛ ብሎ ይቀንሳል፤ ዘፈኑ ውጭ ሲሰማ ሰልሎ ይገኛል። ሱቅ ውስጥ ሲያጫውቱት ደረትን የሚያንቀጠቅጥ ስፒከርም ብዙ ጊዜ አጋኖ የሚናገር ነው። ያማሃ ኤችኤስ5፣ የጄቢኤል 305 ወይም የካሊ ኤልፒ-6፣ ከእነዚህ የትኛውም ቢገዛ አያሳፍርም። በመካከላቸው ካለው ልዩነት ይልቅ አቀማመጣቸው የሚፈጥረው ልዩነት ይበልጣል፦ ሁለቱ ስፒከሮችና ጭንቅላት እኩል ጎን ያለው ሦስት ማዕዘን ይሥሩ፤ ትዊተሩ በጆሮ ልክ ይሁን፤ ስፒከሮቹ ከክፍሉ ማዕዘን ይራቁ። በግራና በቀኝ ግድግዳ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ ቢንጠለጠል ክፍሉ ከቀድሞው የተለየ ይሆናል።

ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ የሚመጣ ሞኒተር ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ የኢትዮጵያ መስመር ደግሞ 220 ነው። አምፑ በሳጥኑ ውስጥ ስለሆነ አንድ ስህተት ሁሉንም ያቃጥላል። ከመግዛት በፊት ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ በፎቶ አስልኮ ማንበብ፣ መብራት ሄዶ በሚመጣበት ሰፈርም ስታብላይዘር መጨመር ግድ ነው። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ሳምንታት ምንም ሳያቀናብሩ፣ በደንብ የሚያውቋቸውን አልበሞች ብቻ በአዲሶቹ ስፒከሮች ያዳምጡ።