ተጠጋኝ እና አይጠገኔ

«ከፍተኛ የመጠገን ችሎታ ያለው ተሽከርካሪ» የሚል ዓይነት አነጋገር በማስታወቂያውም በትርጉም ጽሑፉም እየተለመደ መጥቷል። ቃል በቃል ከተወሰደ መኪናው ካቻቢቴ ጨብጦ ሌሎች መኪኖችን ይጠግናል ማለት ነው። አማርኛ ችሎታን የሚሰጠው ለሚሠራው ሰው ነው፤ መጥረቢያ እንኳ «ይቆርጣል» ይባላል እንጂ የመቁረጥ ችሎታ አለው አይባልም። እንዲገለጽ የተፈለገው ግን የዕቃው ጠባይ ነው፦ ሲበላሽ ይከፈታል ወይ? የተበላሸው ክፍል ለብቻው ይወጣል ወይ? ምትኩስ በገበያ አለ? ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከ2021 መጀመሪያ አንሥቶ ይህን ጠባይ ከ10 በሚታሰብ ነጥብ አስለክታ፣ ስልክ፣ ላፕቶፕ፣ ቴሌቪዥንና የልብስ ማጠቢያ ማሽን ሲሸጥ ነጥቡ ለገዢው እንዲታይ ታስገድድ ነበር። መኪና በዝርዝሩ አልነበረበትም። ቢኖርበት ኖሮ ፈተናውን ከፊት መብራቱ መጀመር በተገባ ነበር።

ምክንያቱም ባለቤቱ በገዛ እጁ ሊቀይራቸው ይገባል ከሚባሉት የመኪና ክፍሎች የፊት መብራት አምፖልን የሚቀድም ብዙ የለም። በአሮጌው ኮሮላ ሥራው አጭር ነው፤ ኮፋኖውን መክፈት፣ ሶኬቱን መንቀል፣ የላስቲክ ሽፋኑን መላጥ፣ የሽቦ ማቀፊያውን ተጭኖ ማላቀቅ፣ ባለ ሁለት ሽቦውን ኤች ፎር አምፖል አውጥቶ አዲሱን መስተዋቱን በጣት ሳይነኩ መክተት (የጣት ቅባት ያረፈበት የሃሎጅን አምፖል ሲግል ቶሎ ይበላሻል)። ከዚያ ወዲህ በተሠሩት ብዙ ሞዴሎች ግን ያው ርካሽ አምፖል ከባትሪው ወይም ከአየር ማጣሪያው ሳጥን ኋላ ተወሽቋል። ባትሪው ካልተነሣ እጅ አይገባም፤ ቢገባም ዓይን ስለማያይ ማቀፊያው በዳሰሳ ይፈለጋል፣ የእጅ ጀርባ በቆርቆሮ ይላጣል። ጭራሽ ፓራውልቱ ሳይፈታ አምፖሉ የማይወጣባቸውም አሉ። የተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ደንብ ቁጥር 48 አምፖል ከመኪናው ጋር ከተሰጠው በቀር ልዩ መሣሪያ ሳያስፈልግ መቀየር መቻል አለበት ይላል። ፓራውልት በተራ ካቻቢቴ ይፈታል፤ እናም ደንቡ ተከብሮ፣ ሾፌሩ ግን ግማሽ ቀን ሊያጣ ይችላል። ከደሴ በጉጉፍቱና በአቀስታ አልፎ ወደ መካነ ሰላም ለሚጓዝ፣ ወይም አጅባር ለሚያድር ሰው ይህ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። የጉጉፍቱ ከፍታ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ በክረምት ጉሙ መንገዱ ላይ ሲተኛ አጭሩ መብራት በአንድ ወገን ከጠፋ መኪናው አንድ ዓይና ይሆናል፣ ረጅሙን ቢያበራው ደግሞ ብርሃኑ ከጉሙ ላይ ነጥሮ ወደ ራሱ ዓይን ይመለስበታል። እዚያ ቦታ ላይ ቁም ነገሩ የሾፌሩ ችሎታ ሳይሆን መብራቱ እጅ ማስገባቱ ነው።

ወደ ቃሉ እንመለስ። ጠገነ በአማርኛ መጀመሪያ ወደ አእምሮ የሚያመጣው ጋራዥን ሳይሆን ወጌሻን ነው፤ የተሰበረ አጥንት አገጣጥሞ፣ አስሮ፣ ወደ ሥራው መመለስ። ስለዚህ አጥንቱ የሚጠገን ነው፣ ጠጋኙ ሌላ ነው፤ «የመጠገን ችሎታ» ያደበላለቀው ይህንኑ ነው። «ጥገናዊነት» የሚለውን የሚያቀርቡ አሉ፤ ነገር ግን ጥገናዊን ፖለቲካው ቀድሞ ወስዶታል፤ «ጥገናዊ ለውጥ» ከ«ሥር ነቀል ለውጥ» ጋር ሲነጻጸር ያልሰማ አንባቢ የለም፣ ጥገናዊ መኪናም የለዘብተኛ ፓርቲ ንብረት ይመስላል። «ለጥገና አመቺነት» ከሁሉም ጨዋው ነው፤ ይገባል፣ አያሳፍርም። ጉድለቱ ሐረግ መሆኑ ነው። «ለጥገና አመቺ ያለመሆን ችግር» እያሉ አንድ ገጽ ሙሉ መጻፍ ያደክማል። እኔ የምመርጠው ቋንቋው ራሱ ያዘጋጀውን መንገድ ነው። ከተሰበረ ተሰባሪ፣ ከተጣጠፈ ተጣጣፊ፣ ከተቀየረ ተቀያሪ እንዳለ፣ ከተጠገነም ተጠጋኝ ይወጣል፤ ጠባዩም ተጠጋኝነት ይባላል። ካርቶን ላይ «ተሰባሪ» ተብሎ ሲጻፍ ዕቃው የመሰበር ችሎታ አለው ብሎ የተረዳ ተሸካሚ አልነበረም። ተቃራኒውን ደግሞ አማርኛ ከአይነኬ፣ ከአይበገሬና ከአይቀሬ ጋር በአንድ ቅርጽ ይሰጠናል፦ አይጠገኔ።

«አምፖል ይቀየራል እንጂ ይጠገናል ወይ?» ለሚል መልሱ ቀላል ነው፤ የሚቀየረው አምፖሉ ነው፣ የሚጠገነው መብራቱ። አምፖሉ ተቀያሪ መሆኑ መብራቱን ተጠጋኝ የሚያደርገው እጅ ሲደርስበት ብቻ ነው፤ ሁለቱን ቃላት ለይቶ መያዝ የሚጠቅመውም ለዚህ ነው። የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው። «ተጠጋኝ» ብሎ የጻፈ ሰው «ወደ እኔ ቀረበ» ያለ ሊመስል ይችላል፤ ታክሲ ውስጥ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ሲባል የምንሰማው ጠጋ ነው፤ ጥገኛና ጥገኝነትም የዚያው ዘሮች ናቸው። እውነት ነው፣ በጽሑፍ ሁለቱ አንድ ይሆናሉ። ፊደላችን ጥብቀትና ላልነትን ስለማይለይ ነው እንጂ ሲነገሩስ ይለያያሉ፤ «አለ» እና «ገና» ይህን ሸክም ተሸክመው ስንት ዘመን ኖረዋል፣ ያደናገሩት አንባቢ ግን ጥቂት ነው። ከዚህም በላይ የጠጋ ባለቤት ተጠጊ እንጂ ተጠጋኝ አይደለም። ስም ሲከተለው («ተጠጋኝ መብራት») ወይም «ነት» ሲጨመርበት ግሱ ከነጥርጣሬው ይወጣል። የተጠጋኝነትና የጥገኝነት ድምፅ መቀራረቡን ግን ለመከላከል አልደክምም፤ ዕቃው ተጠጋኝነቱን ባጣ መጠን ባለቤቱ የጋራዥ ጥገኛ መሆኑ አይቀርምና።

ጋራዡ ውስጥ ያሉ ሰዎች ደግሞ ይህ ሁሉ የወረቀት ሥራ ነው ሊሉ ይችላሉ፤ ኮፋኖ፣ ካቻቢቴ፣ ፍሬቻና ፓራውልት ከጣልያንኛ መጥተው ሥራ ፈተው አያውቁም፣ የዚህንም ጠባይ የውጭ ስም እንዳለ መዋስ ይቻላል። በእነዚህ ቃላት ላይ ቅሬታ የለኝም፤ አማርኛ ካደረጋቸው ቆይቷል። ነገር ግን ሁሉም የሚዳሰስ ነገር ስሞች ናቸው። እዚህ የምንፈልገው ፍርድ የምንሰጥበትን ቃል ነው፣ እንደ ግስ የሚረባ፣ የሚክድና የሚያረጋግጥ፤ የተዋስነው ቃል በዚያ በኩል «አደረገ»ን እየተመረኮዘ ነው የሚሄደው። የእጅ ባለሙያው «እጅ አያስገባም» ሲል ከማናችንም በላይ አጥርቶ ተናግሯል፤ ችግሩ ይህ አነጋገር በሽያጭ ውልና በዋስትና ወረቀት ላይ አለመውጣቱ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ ነገሩ ይበልጥ ቀርቧል። በኤሌክትሪክ የሚሄዱት አብዛኞቹ መኪኖች ኤልኢዲ ያላቸው ናቸው፤ በብዙዎቹ አምፖል የሚባል ነገር ለብቻው አይወጣም፣ ብርሃን ሰጪው ከማቀፊያውና ከመስተዋቱ ጋር ታሽጎ ስለሚመጣ አንዱ ሲሞት ሁሉም ይገዛል። የእነዚህ ዕድሜ ከሃሎጅን እንደሚረዝም አይካድም፤ ድንጋይ ሲያገኛቸው ግን ዕድሜያቸው አይቆጠርም። ውሉ ላይ «የፊት መብራት፦ አይጠገኔ» የምትል አንዲት መስመር ብትኖር፣ ገዢው የጠቅላላውን መብራት ዋጋ ከመፈረሙ በፊት ይጠይቃል።