ባለንብረቱና የአይሮፕላኑ ሞተር

አይሮፕላን በተፈለሰፈበት ዘመን ባለንብረቱ ለሞተሩ እንግዳ አልነበረም። የራይት ወንድማማቾች ለመጀመሪያው አይሮፕላናቸው ተስማሚ ሞተር የሚሠራላቸው ፋብሪካ ቢያጡ፣ በዴይተን ከተማ በነበረው የብስክሌት መሥሪያቸው ከመካኒካቸው ከቻርልስ ቴይለር ጋር ሆነው ራሳቸው ሊሠሩት ተነሡ። ቴይለር በብጫቂ ወረቀት ላይ በተነደፈ ሥዕል እየተመራ ባለአራት ሲሊንደሩን ሞተር በስድስት ሳምንት ውስጥ ሠርቶ ጨረሰ። ሞተሩ እ.ኤ.አ. በ1903 በፌብሩዋሪ ወር ሲፈተን አካሉ ተሰበረ። አዲስ አካል ተሠርቶለት፣ በዚያው ዓመት ዲሴምበር 17 ቀን 12 የፈረስ ጉልበት ያህል እየሰጠ አይሮፕላኑን ከመሬት አነሣ።

ይሁን እንጂ አይሮፕላን ሲበዛ አደጋውም በዛ። ከዚህም የተነሣ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1926 በወጣው ሕግ መሠረት አብራሪውም መካኒኩም በየፊናቸው ፈቃድ እንዲይዙ ተደረገ። ሥራው ተከፈለ፤ ብዙው ባለንብረትም ሞተሩን የሚያውቀው ጥገናው አልቆ ከሚቀርብለት ሒሳብ ብቻ ሆነ።

ሕጉ ግን በሩን ፈጽሞ አልዘጋበትም። በአሜሪካ የአቪዬሽን ደንብ መሠረት የአብራሪነት ፈቃድ ያለው ባለንብረት፣ ለሕዝብ ማመላለሻ ያልዋለ አይሮፕላኑን ዘይት ሊለውጥ፣ ማጣሪያ ሊተካ፣ ካንዴላ ፈትቶ ሊያጸዳና ክፍተቱን ሊያስተካክል ይችላል፤ የሠራውንም በጥገናው መዝገብ ጽፎ ይፈርምበታል። ሲሊንደር መፍታት ግን የባለሙያው ድርሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ደንብ ደግሞ የ16 ሰዓት ትምህርት የተከታተለ ባለንብረት፣ በሙከራ ምድብ የተመዘገበውን የራሱን ቀላል የስፖርት አይሮፕላን በየዓመቱ እንዲመረምር ፈቀደ፤ የሌላውን ሰው አይሮፕላን ለመጠገን ግን የ120 ሰዓት ትምህርት ጠየቀ።

እንግዲህ ጥቂት ሰዓት ብቻ የሠለጠነ እጅ ሞተር መንካቱ አያሠጋም ወይ የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ለዚህ ጥያቄ ብርሃን የሚሰጥ ጥናት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ተደርጓል። እንግሊዛዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ኮንራድ ዋዲንግተንና ባልደረቦቹ የጀርመንን ሰርጓጅ መርከቦች ያሳድዱ የነበሩትን አይሮፕላኖች የብልሽት መዝገብ መረመሩ። ያልታሰበ ብልሽት የሚበዛው በየ50 የበረራ ሰዓቱ ከሚደረገው ምርመራ በፊት ሳይሆን ወዲያው ከምርመራው በኋላ ሆኖ ተገኘ፤ ከዚያም እየቀነሰ ይሄድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 መጽሐፍ ሆኖ የታተመው ይህ ጥናት ጥገናው ራሱ ጤነኛውን ክፍል ሊያውክ እንደሚችል አሳየ። ካያያዝ ይቀደዳል እንዲሉ ነው። እነዚያም እጆች ሥራውን የተማሩ የመካኒኮች እጆች ነበሩ።

ስለዚህ ለባለንብረቶች በተግባር የሚሰጠው የሞተር ጥገና ትምህርት ዋጋው የሚለካው በሚያስፈታው ቡሎን ብዛት አይደለም። ካንዴላውን በእጁ ይዞ ቀለሙን ማንበብ የተማረ፣ የዘይት ማጣሪያውን ቀድዶ የብረት ፍርፋሪ መፈለግ የለመደ ሰው ሞተሩ ሲታመም ምልክቱን ይለያል። ምልክት በሌለበትም «ለምን ይፈታል?» ብሎ መካኒኩን ለመጠየቅ ይበቃል። ያለ ምክንያት የተፈታ ሞተር በአየር ላይ ቢቆም፣ ዋጋውን በመጀመሪያ የሚከፍለው በአይሮፕላኑ ውስጥ ያለው ሰው ነውና።