የአፋር ምድርና የአህጉራት ጉዞ

ቀይ ባሕር ቢዘጋ የዐረብና የአፍሪካ ዳርቻዎች እንደተሰነጠቀ ሸክላ ይገጣጠማሉ፤ አልገጥም የሚለው የአፋር ሦስት ማዕዘን ብቻ ነው። አህጉራት ይጓዛሉ የሚለውን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1912 ለሊቃውንት ያቀረበው ጀርመናዊው የአየር ጠባይ ተመራማሪ አልፍሬድ ቬግነር ይህን አስተውሎ፣ ምድሪቱ በቅርብ ዘመን እሳተ ገሞራ አለት የተሸፈነች መሆኗን በምክንያትነት ጠቅሷል። የፊዚክስ ሊቃውንት ግን «የሚገፋው ኃይል የታለ?» ብለው ሐሳቡን አልተቀበሉትም። ጥያቄውም ተገቢ ነበር፤ ቬግነር የጠቀሳቸው ኃይሎች በእርግጥ እጅግ ደካሞች ነበሩና። በ1930 በግሪንላንድ በረዶ ላይ ሲሞት ክርክሩ ገና አልተቋጨም ነበር።

መልሱ የተገኘው ከባሕር ወለል ነው። ሃሪ ሄስ በ1962፣ ፍሬድ ቫይንና ድራመንድ ማቲውስ በ1963 ያሳተሟቸው ጽሑፎች በውቅያኖስ ሸንተረሮች ላይ አዲስ ቅርፊት እየተፈጠረ ወደ ግራና ቀኝ እንደሚገፋ አመለከቱ። ቅርፊቱ ከሥሩ ካለው ጠንካራ አለት ጋር ግትር ሰሌዳ ሆኖ፣ ትኩስና ለስላሳ በሆነ አለት ላይ ይጓዛል።

ይህ ሥራ በአብዛኛው በባሕር ሥር የተሰወረ ሲሆን በአፋር ግን በየብስ ላይ ይታያል። በዚያ የዐረብና የኑብያ ሰሌዳዎች በዓመት 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። መሐንዲስ ቁጥሩን አይቶ ቢንቀው አይፈረድበትም። ዳሩ ግን እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2005 (መስከረም 1998 ዓ.ም.) በዳባሁ አካባቢ ቅልጥ አለት ከሥር ሰርጎ ገብቶ፣ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለውን የምድር ክፍል በሰፋበት በኩል እስከ 8 ሜትር ከፈተው። ይህም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የተፈጸመ የ400 ዓመት ጉዞ መሆኑ ነው! ከሰሌዳው ዳርቻ የራቀው ክፍል በዝግታ ሲጓዝ፣ ዳርቻው ተይዞ ይቆይና ያጠራቀመውን ውጥረት ባንድ ጊዜ ይለቃል። እስከ 2010 ድረስም 13 ሌሎች አነስተኛ ሰርጎ መግባቶች ተከተሉ።

ከአፋር በስተምዕራብ፣ በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ፣ የካራቆሬ መንቀጥቀጥ በ1953 ዓ.ም. የማጀቴን ከተማ አፍርሷል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የኢትዮጵያ የሕንጻ ደረጃ የመንቀጥቀጥን አደጋ ያሰላው በ100 ዓመት የመመለሻ ጊዜ ነበር፤ አራት መቶ ዓመት ለሚጠብቅ ምድር አጭር መለኪያ ነው። በ2015 የተተካው ደረጃ ይህን ወደ 475 ዓመት ሲያሳድገው፣ በአሮጌው ስሌት የቆሙት ሕንጻዎች ግን እንደቆሙ ናቸው።